«ስደተኛም ስደተኛም አልነበርኩም»

ጥያቄ፦ ኡስታዝ፣ አንድ የአረብኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ባለታሪኳ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ በሰው ቤት ትሠራ የነበረች ሴት ናት። አንድ ቦታ ላይ «ማ ኩንቱ ሙሃጂረተን ወላ ላጂአህ፤ ኩንቱ ሃሪባህ» ትላለች። ተርጉሜ መልሼ ሳነበው «ስደተኛም ስደተኛም አልነበርኩም፤ ስደተኛ ነበርኩ» ሆኖ አገኘሁት። ሂጅራ፣ ጉርባ፣ መንፋ፣ ሉጁእ፣ ሁሩብ፣ ተሽሪድ፣ ሁሉንም «ስደት» ነው ያልኳቸው። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ደግሞስ «ዷል» የሚለው ቃልና የእኛ «ደላላ» ዝምድና አላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዓረፍተ ነገርሽን ሳነብ እኔም ሳቅሁ። ግን ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም። «ስደት» ሆደ ሰፊ ቃል ነው፤ የመጣውን ሁሉ ያስተናግዳል። ሥሩ በግዕዝ «ሰደደ» ነው፤ አባረረ፣ አሳደደ ማለት ነው። ተሰደደ ስንል እንግዲህ ተባረረ ማለታችን ነበር። ዛሬ ግን ቪዛ ይዞ በአውሮፕላን የሄደውንም፣ በጀልባ ባሕር ያቋረጠውንም፣ ጦርነት ከቤቱ ያስወጣውንም «ተሰደደ» እንላለን። አረብኛ ይህን አይፈቅድልሽም። በራስህ ወጣህ? አስወጡህ? ሸሸህ? ወይስ መንገድ ጠፋህ? ሰውየው አፉን ሳይከፍት ግሱ መልሱን ይናገርበታል።

ከ«ሁሩብ» ልጀምር። ከሁሉም ጣጣው የበዛ እሱ ስለሆነ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የዓረብ ሀገር ለአንዲት የሀገሬ ልጅ አስተረጉም ነበር። ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀት ይሞላል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «ከቤቱ ጠፋሁ» አለች። እኔም ሳላስብ «ሀረበት» አልኩ። ሰውዬው ጻፈ። እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ አሁንም ይታየኛል፤ ሃ፣ ራ፣ ባ፣ ታ። አራት ፊደል። ልጅቷ ቀጠለች። ለወራት ደመወዝ አልተከፈላትም፤ ከውጭ ተቆልፎባት ነበር የምትኖረው፤ አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ስታገኘው ወጣች። «ኸረጀት»፣ ወጣች፣ ብል ኖሮም አራት ፊደል ነበር። ላስተካክል ስሞክር ሰውዬው «መጀመሪያ ያልከውን ጽፌያለሁ» አለኝ።

የአማርኛው «ጠፋ» ጉድ ይህ ነው። ልጁ ጠፋ ስንል መንገድ ስቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ ነው የሄደው? ከብት ይጠፋል፤ ወታደር ይጠፋል፤ ሠራተኛ ትጠፋለች። አረብኛ ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል አለው። «ሀረበ» ካልሽ ሸሽቷል፤ የሸሸ ሰው ደግሞ የሚሸሸው ነገር አለው ማለት ነው። በሳዑዲ አሠሪው ስለ ሠራተኛው የሚያስገባው ማመልከቻ «በላግ ሁሩብ» ይባል ነበር፤ የመሸሽ ጥቆማ እንደማለት። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ወረቀቱ ላይ «ከሥራ የቀረ» የሚል ለስለስ ያለ ቃል ገብቶለታል። ሰው አፍ ላይ ግን አሁንም ሁሩብ ነው። «ሁሩብ ተደርጌአለሁ» የምትል ልጅ ምን ማለቷ እንደሆነ ሪያድም ጅዳም ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አይሠራም፤ መንገድ ላይ ከተያዘች ተርሂል፣ ከሀገር መባረር፣ ነው።

አሁን የሚገርመውን ልንገርሽ። በ1038 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያረፈው የኒሳቡሩ የቋንቋ ሊቅ አስ-ሰዓሊቢ ተቀራራቢ ቃላትን እየነጠለ ልዩነታቸውን ሲያስቀምጥ፣ ባሪያ «አቢቅ» የሚባለው ያለ ፍርሃትና ያለ አድካሚ ሥራ ከጌታው ሲሄድ ብቻ ነው ይላል። ፈርቶ ወይም ሥራ ከብዶበት ከሄደ ግን «ሃሪብ» ነው። ልብ አድርጊ፤ እንደ ሊቁ አባባል «ሃሪብ» የሚለው ቃል ራሱ ለሸሸው ሰው ይመሰክርለታል። ምክንያት ነበረው ይላል። ከሺህ ዓመት በኋላ ያንኑ ቃል አሠሪው ለክስ ይጠቀምበታል። እኔ ያን ቀን ይህን አላሰብኩትም። ባስበውም ሰውዬው የሚሰማኝ አይመስለኝም።

«አበቀ»ን ቁርኣን አንድ ጊዜ ለነቢዩ ዩኑስ ይጠቀምበታል፤ ወደተጫነችው መርከብ በሄደ ጊዜ (37፥140)። የነነዌን ጾም የምትጾሚ ከሆነ ዮናስን ታውቂዋለሽ። ቃሉ ለነቢይ ሲባል ከበድ ይላል፤ ማንም ሳያስፈራራው የጌታውን ፈቃድ ሳይጠብቅ ሄደ ማለት ነውና። አማርኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፤ «ኮበለለ»። ዛሬ ግን ኮበለለ ስንል ከፍቅረኛዋ ጋር የጠፋች ልጅ ትዝ ስለምትለን ቃሉ ተጎድቷል። የቃየልን ታሪክ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንብቢው። «ኰብላይና ተቅበዝባዥ» ይለዋል። በብዛት የሚነበበው የአረብኛ ትርጉም ደግሞ «ታኢህ» እና «ሃሪብ» ይላል፤ የሚቅበዘበዝና የሚሸሽ። ሁለቱም ተርጓሚዎች ሁለት የተለያዩ ቃላት ፈልገው አገኙ። ስለዚህ አማርኛችን ደኸየ ብለሽ እንዳታመካኝ።

ወደ መሳት እንሂድ። እዚህ ግመሉን ካላየሽ ቃላቱ አይገቡሽም። አብዛኞቹ ከበረሃ እረኛ አፍ የወጡ ናቸውና። መንጋው መሐል አንዲት ግመል የለችም እንበል። እረኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው እንዴት ሄደች የሚለውን ነው። ሳታውቀው እየጋጠች ርቃ ከሆነ «ዷለት»፤ እሷም «ዷላህ» ናት። ደንብራ ገመዷን በጥሳ ከሆነ «ሸረደት»፤ «ሻሪድ» ትባላለች። ውኃ ጥም አናቷ ላይ ወጥቶ መድረሻዋን ሳታውቅ የምትዞር ከሆነ «ሃመት» ነው። ጠጥታ የማትረካበት በሽታ «ሁያም» ይባላል። በፍቅር ያበደውንም ሰው በዚሁ ቃል «ሃኢም» ይሉታል። እኛ ፍቅር ያዘው እንላለን፤ እነሱ ጠማው ይላሉ።

ስለ ጠፋች ግመል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቃቸው ሰው ነበር። ተቆጡ፤ ፊታቸው ቀላ። ተዋት፣ ጫማዋም ውኃዋም ከእሷ ጋር ነው፤ ባለቤቷ እስኪያገኛት ውኃ ትወርዳለች፣ ዛፍ ትበላለች አሉት። ስለ ጠፋ በግ ሲጠየቁ ግን የአንተ ናት፣ ወይም የወንድምህ፣ ወይም የተኩላ ነው ያሉት። ወሎ በደረሳነቴ ሸኻችን ይህን ሐዲስ ሲያስተምሩን የምናስበው ስለ ከብት ሕግ ነበር። አሁን ሳየው ግን ስለ ቃሉም ነው። «ዷላህ» ባለቤት አላት። ጠፋች እንጂ አልካደችም።

የሃይማኖቱ ትርጉም የመጣው ከዚያ ነው። በፋቲሓ፣ በቁርኣን የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ መጨረሻ «ወለድ-ዷሊን» ስንል መንገድ የሳቱትን ማለታችን ነው። አማርኛም እዚህ ቁርጥ እንደ አረብኛው ነው። «ሳተ» መንገድም ይስታል፣ በእምነትም ይስታል፤ «ስህተት» የሚለውም ቃል ከዚያው ወጣ። ስለዚህ «ዷለ»ን በ«ሳተ» ተርጉሚው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ። ኢምሩእ አል-ቀይስ የተባለው ከእስልምና በፊት የነበረ ባለቅኔ የኪንዳ ንጉሥ ልጅ ነበር። አባቱ ሲገደል ደም ሊመልስ ከጎሳ ጎሳ እየዞረ ቀረ። ቅጽል ስሙ «አል-መሊክ አድ-ዲሊል» ነው። ስደተኛው ንጉሥ ብለው የተረጎሙት አይቻለሁ። ደስ አይለኝም፤ ቃሉ የመሳት እንጂ የመባረር አይደለም። «መንከራተት የፈረደበት ንጉሥ» ብትይ ይሻላል።

አሁን ስለ ደላላው። ግዕዝ በጥንቱ ንባቡ ጸና ፀን ይለይ ነበር፤ የአረብኛው ዷድ የግዕዙ ፀ ወንድም ነው። ፀሐይንና የረፋዱን «ዱሓ» አስተያያቸው። በዛሬው አማርኛ ግን ያ ድምፅ የለም። ስለዚህ «ዷለ» (ሳተ) እና «ደለ» (መንገድ አመለከተ) ለጆሯችን አንድ ይሆኑብናል። ለአረብ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ከሁለተኛው «ደሊል» ይወጣል፤ መንገድ መሪ፣ ማስረጃ። ገዢንና ሻጭን የሚያመላክት ሰው ደግሞ «ደላል»። የእኛ ደላላ ከዚህ ነው የመጣው። ዝምድና የላቸውም እህቴ፤ እንዲያውም ተቃራኒ ናቸው። አንዱ መንገድ የሳተ ነው፣ ሌላው መንገድ የሚያሳይ። በሶማሊያው ቦሳሶ ወይም በጅቡቲው ኦቦክ ዳርቻ ጀልባ ሲጠብቅ የከረመ ልጅ ግን ይህን ብትነግሪው የሚስቅብሽ ይመስለኛል። ደላላውን የሚያውቀው ከመንገድ ሲያስወጣው ነዋ። አረቦቹ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ደላል አይሉትም፤ «ሙሀሪብ» ነው የሚሉት፤ ከዚያው ከ«ሀረበ»።

እዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ነገር ካልገባሽ ትርጉምሽ ሁሌ ያነክሳል። መካከለኛው ፊደል ሲጠብቅ አድራጊው ይለወጣል። «ሀረበ» ሸሸ ነው፤ ራ ሲጠብቅ አሸሸ፣ በኮንትሮባንድ አሳለፈ ይሆናል። «ሸረደ» ደንብሮ ሄደ፤ ራ ሲጠብቅ ሌላውን ከቤቱ በተነ። የጠየቅሽኝ «ተሽሪድ» ይሄ ነው፤ ቤት አልባ ማድረግ፣ መበተን። «ረሐለ» ተጓዘ፤ ሐ ሲጠብቅ አስወጣ፣ አባረረ፤ የተርሂል ነገር ከዚያ ነው። መነሻው «ረሕል» የሚሉት የግመል ኮርቻ ነበር። ኮርቻ ጫነ፣ ተጓዘ። ከዚያው ሥር «ሪሕላ» ይወጣል፤ የተጓዥ ሰው ደስ የሚል ጉዞ። «ተርሂል» ደግሞ በሳዑዲው የሹመይሲ ማቆያ የታጎረ ልጅ የሚያውቀው ነው። ከ2013 ማብቂያ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ ይህ ቃል አማርኛ ሆኖ አብሮ ተሳፍሮ መጣ። እኛም ማጥበቅና ማላላት እናውቃለን፤ «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ አንድ አይደለም። ሲጻፍ ግን አይታይም። የአረብኛ ጽሑፍም ሸዳውን፣ የማጥበቂያ ምልክቱን፣ ብዙ ጊዜ ስለማይጽፈው ከዐውዱ መገመት ያንቺ ዕዳ ነው።

«ሂጅራ» ሌላ ዓለም ነው። ሰዎች ጉዞ ይመስላቸዋል። ሥሩ ግን መተው፣ መቁረጥ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ተኳርፈው ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቆዩ የሚከለክለው ሐዲስ የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። እንግዲህ ሙሃጂር ማለት ሀገር የቀየረ ብቻ አይደለም፤ ያኮረፈ፣ ቆርጦ የወጣ ነው። ክብር ያለው ቃል የሆነው በራስ ውሳኔ ስለሚደረግ ነው። ነቢዩ ከመካ ወደ መዲና የሄዱበት ሂጅራ በ622 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ የመጡት ግን ከዚያ በፊት በ615 ነበር። የመካዎቹ ቁረይሾች መልሱልን ብለው መልእክተኛ ሲልኩ ነጃሺ አልሰጥም አለ።

አስማ ቢንት ዑመይስ ከነዚያ አንዷ ናት። ከሐበሻ መዲና የገባችው በ628 ነው። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሆነው ዑመር «በሂጅራ ቀድመናችኋል» አላት። ሴትዮዋ ጦፈች። እናንተ ከነቢዩ ጋር ሆናችሁ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፣ እኛ በሩቁና በሚጠላው ሀገር ነበርን አለችው። (ለእኛ ለሐበሾች ይቺ ትንሽ ትጎረብጣለች። ግን ተናድዳ ነው፤ እናልፋታለን።) ነገሩ ነቢዩ ዘንድ ደረሰ። ለእሱ አንድ ሂጅራ ነው፣ ለእናንተ ለመርከቡ ሰዎች ሁለት አሉ። ይህን ሁሉ «ስደት» ብትይው አንባቢሽ አስማ ለምን እንደተቆጣች አይገባውም። ስደት ላይ ማን ይሽቀዳደማል?

ያው ሥር ሲጠብቅ ግን ክብሩ ይገፈፋል። «ተህጂር» በግድ ማፈናቀል ነው፤ «ሙሀጀር» የተፈናቀለ። ከ«ሙሃጂር» ጋር እንዳታምታቺው፤ ሲጻፍ የሚለያቸው አንዲት አሊፍ ናት።

የግዕዝ ተማሪ ጓደኛ ካለሽ ደግሞ ይህን ስጪው። የአረብኛው ጂም በግዕዝ ገ ነው፤ ጀመል ግመል፣ ጀነት ገነት። በዚህ ሒሳብ «ሀ-ጀ-ረ» ወደ ግዕዝ ሲገባ «ሀ-ገ-ረ» ይሆናል። ሀገር! በጥንታዊው የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፍም ይኸው ፊደል ከተማ ማለት ነው። እነሱ ጋ ትቶ ሄደ፣ እኛ ጋ የሚቀመጡበት። ለቅኔ ሰም ለበስ ይሆናል፤ ለትርጉምሽ ግን አይረባሽም።

«ጉርባ»ን በደንብ ያዢው፤ ልብ ወለድሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚመላለሰው እሱ ይመስለኛል። «ገረበት አሽ-ሸምስ» ፀሐይ ገባች ማለት ነው። መግሪብ የሚሰገደው ያኔ ነው። የእኛ «ምዕራብ» የዚሁ ቃል ወንድም ነው፤ የአረብኛው ገይን በግዕዝ ዐይን ይሆናልና። «ገሪብ» እንግዲህ እንደ ፀሐይ ርቆ የገባ፣ ከዓይን የተሰወረ ሰው ነው። ጉርባ ሕጋዊ ቃል አይደለም። ፓስፖርት አይጠየቅበትም። ሪያድ ቪላ ያለውም ሰው ጉርባ ውስጥ ነኝ ይላል። ሰው በገዛ ከተማውም ገሪብ ይሆናል። አማርኛ እዚህ ባለጸጋ ነው፤ «ባይተዋርነት» አለልሽ። «ፊል-ጉርባ» ሲል ግን ከ«በባይተዋርነት» ይልቅ «በሰው ሀገር» በይው። እናቶቻችን የሚሉት እሱን ነው።

ቁራ በአረብኛ «ጉራብ» ነው። የድሮ ባለቅኔዎች ቁራ ሲጮኽ መለያየት መጣ ይሉ ነበር፤ «ጉራቡል-በይን»፣ የመለያየት ቁራ። ጉራብና ጉርባ መመሳሰላቸው ሰበብ ሆኗቸው ነው። ከዚሁ ጋር የሚነካን ነገር አለ። ከእስልምና በፊት ከነበሩት ባለቅኔዎች ጥቁር እናት የወለደቻቸው ጥቂቶች «አግሪበቱል ዐረብ»፣ የዓረብ ቁራዎች ይባሉ ነበር። ዋናው ዐንተራ ነው። እናቱ ዘቢባ ሐበሻ ባሪያ ነበረች። አባቱ ሸዳድ ልጄ ነህ ያለው ጦርነት ላይ ካስመሰከረ በኋላ ነው። ስሙ የተሰጠው በቀለሙ ነው እንጂ በጉርባ አይደለም። ግን እዚያው ተወልዶ እንደ መጻተኛ የኖረን ሰው ቁራ ሲሉት ጆሮዬ ሁለቱንም ይሰማል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። «መንፋ» ግዞት ነው፤ ሌላ ቃል አትፈልጊ። የመንግሥት እጅ አለበት። ግብጻዊው አሕመድ ዑራቢ በ1882 ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ) የተላከው መንፋ ነው፤ የተመለሰው በ1901 ነው። የሚገርመው ያው ሥር በሰዋስው «አሉታ» ማለት ነው። «ላ» እና «ማ» ነፍይ ይባላሉ። ሰውን ማጋዝና «የለም» ማለት አንድ ቃል ሆኑ።

«ላጂእ» መጠለያ ፈልጎ የተጠጋ ነው፤ ወዴት ሄደ የሚለውን እንጂ ከምን ሸሸ የሚለውን አይናገርም። «ጥገኝነት ጠያቂ» የሚለው አጉል የቢሮ አማርኛ ነው፤ ግን ይቀርበዋል። «ናዚሕ» ተፈናቃይ ነው። ጉድጓድ ውኃው ተቀድቶ ሲያልቅም ይኸው ግስ ይመጣል። ዮርዳኖስ ውስጥ የ1948ቱን ፍልስጤማውያን ላጂእ፣ የ1967ቱን ናዚሕ ይሏቸዋል። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ይኖራሉ። «ጃሊያ» የሚሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ «ጀላእ» ከሚለው ነው፤ ከሀገር መነቀል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት የዕብራይስጡ «ጋሉት» ያው ሥር ነው። አልጄሪያና ሞሮኮ በጀልባ የሚሻገሩትን ደግሞ «ሐራጋ» ይሏቸዋል፤ አቃጣዮች። ወረቀታቸውንም ድንበሩንም ያቃጥላሉ።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገርሽ። ሴትዮዋ «ሙሃጂራ አልነበርኩም» ስትል ወስኜ፣ ቆርጬ አልመጣሁም ማለቷ ነው። «ላጂአህ» አልነበርኩም ስትል ማንንም አስጠጉኝ አላልኩም ነው። «ሃሪባህ»ን «ኮብላይ» ካልሻት አሠሪዋ ጎን ቆምሽ። «ጠፍቼ ነበር» ካልሽ እኔ ያን ቀን የሠራሁትን ሠራሽ። «ሸሽቼ ነው» ትክክል ነው፤ ግን ትንሽ ይቀዘቅዛል። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦ «ሀገር ልቀይር አልመጣሁም፤ አስጠጉኝም አላልኩም፤ አምልጬ ነው የወጣሁት።»

«ወጣሁት» የምትለዋ አረብኛው ላይ የለችም። እንዳለች ተያት።